ስሙ በየትኛው ዝርዝር ይጻፍ? ከግንባር ያልተመለሱ ወታደሮችና የሚጠብቋቸው ቤተሰቦች

(ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ተጠሪዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ጦርነት በወታደሩና በቤተሰቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ነው። ስለ ቆሰለው፣ አካሉ ስለ ጎደለው፣ ሌሊት በሕልሙ እየጮኸ ስለሚነቃው መናገር ይቻል ነበር። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን መርጠናል። እርሱም ሄዶ ያልተመለሰው፣ ሞቱም ያልተነገረው ወታደር፣ ከእርሱም ጋር እርሱን የሚጠብቀው ቤት ነው። ለቆሰለው ሐኪም አለው፤ ለተሰናበተው ጡረታ ወይም መቋቋሚያ አለው፤ ቢያንስም ቢዘገይም የሚጠየቅ ባለቤት ያለው ነገር ነው። መኖሩም መሞቱም ላልታወቀው ግን የሚሄዱበት ደጅ ጠፍቷቸው በመጨረሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። ሲመጡም እኛ ምን እንደምንላቸው አስቀድመን አላሰብንበትም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለሥራ በወጣንበት በአንድ የገጠር ደብር አድረን ነበር። ቅዳሜ ማታ አንድ አረጋዊ ካህን በማግሥቱ በጸሎት የሚታሰቡ ስሞችን ይቀበላሉ። አንድ ወረቀት ለሕያዋን፣ አንድ ወረቀት ለሙታን አዘጋጅተዋል። ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት የማይበልጥ አንዲት እኅት ቀርባ የክርስትና ስም ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠቻቸው። ካህኑም «የኔ ልጅ፣ በሕይወት ያለ ነው ወይስ ያረፈ?» ሲሉ ጠየቋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «አባ፣ እርስዎ ይሻላል የሚሉትን ያድርጉልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። ባለቤቷ ከሄደ አራተኛ ዓመቱ ነበር። ካህኑ ስሙን ከሁለቱም ዝርዝር ሳያስገቡ ወረቀቱን አጥፈው በመጽሐፋቸው መካከል አኖሩት። ይህን ያዩ ዓይኖቻችን እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ የዛሬው ንግግራችንም ከዚያች ቁራጭ ወረቀት የተነሣ ነው።

እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሞት ሥርዓት አለው። ሩቅ ሀገር የሞተ ሰው መርዶው በድብቅ ለቅርብ ዘመድ ይደርሳል፤ ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። እናት ከእንቅልፏ ተነሥታ ያን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በደጇ ስታይ ሳይነገራት ታውቀዋለች። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ፍትሐት ይደረጋል፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ የሟቹን ነፍስ ለመርዳት ነው፤ ነገር ግን በሕይወት የቀሩትንም እጃቸውን ይዞ ከኀዘኑ መጀመሪያ ወደ ኀዘኑ ማብቂያ የሚያደርስ መንገድ ነው። መርዶ ያልመጣበት ቤት ግን ወደዚህ መንገድ መግቢያ የለውም። አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? እድሩ በምን ማስረጃ ይድረስ? አልቅሳ የማታውቅ እናት እንዴት እንባዋን ትጥረግ? እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ራሱ ይቸገራል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ቢላት አሟረተባት፤ «ይመጣል» ቢላት ዋሻት። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ቤቷ መሄድ ይተዋል። ከክፋት አይደለም፤ የሚለው ቢያጣ ነው።

ይህ መጠበቅ በሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ወታደሮቻችን ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. እስኪስማሙ ድረስ በእስር ቆይተዋል። በዚያው ዓመት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ከሦስት ሺህ በላይ የሚሆኑት ሲመለሱ ዐሥር ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከየቀበሌው ተመልምለው ወደ ሰሜን ሄዱ። መጋቢት 1980 አፋቤት፣ የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ የሆነውን ታላላቆቻችሁ ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር መንገድ ላይ ወጣ፤ ከኤርትራ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በዚያ በኩል ተመለሱ። ለተመለሰው ሰው የማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመለት። ያልተመለሰው ግን በማን መዝገብ ይያዝ? ከዚያም ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ከኤርትራ ጋር፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሆነው ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ተቋቋመ። በሌላ አካባቢ ደግሞ ዛሬም ተኩስ አልቆመም። በእያንዳንዱ ዘመን ግን ከተመለሱት ኋላ፣ የመንገዱን መታጠፊያ እያዩ የሚቀሩ ቤቶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ።

የሶማሊያ ምርኮኞችን ያነሣነው በምክንያት ነው። የምትጠብቀውን ሴት «ተስፋ ቍረጪ» ማለት የማይገባን ለዚህ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተመለሰ አለና። ነገር ግን ይኸው ታሪክ በሌላ በኩል ይጎዳል። አንድ ሰው ተመለሰ የሚለው ወሬ መቶ ቤት ያስጠብቃል። ተስፋዋንም ሳንነጥቃት፣ በተስፋዋም ሳናስራት አብረናት መቆም እንዴት እንችላለን የሚለው ነው የእኛ ጥያቄ።

ቤቱ ምን እንደሚሆን ጥቂት እንናገር። በብዙ የገጠር ሰበካዎቻችን የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም የተመዘገበ ነው። መሬቱን ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ሲጠየቅ የአንዱ ፊርማ የለም። በሬ የላት፣ አራሽ የላት፣ በየኩሉ ልታውለው ብትፈልግ ደግሞ የባሏ ወንድሞች «ወንድማችን መጥቶ ምን እንላለን» ይላሉ። የሟች ወታደር ቤተሰብ የሚያገኘውን አበል ለማግኘት የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እርሷ ግን ያን ማስረጃ እንድታመጣ መጠየቅ ባልሽን በቃልሽ ግደይው እንደማለት ይሆንባታል። በእድሩም የባሏን ወርኃዊ መዋጮ ሳታቋርጥ የምትከፍል አይተናል። መክፈሏን ካቆመች ሞቷል ማለቷ ነውና። ልጆቹ ደግሞ እናታቸውን እያዩ ያድጋሉ። አባታቸውን ለመጠየቅ ይፈራሉ፤ መጠየቅ እንደማያስፈልግ ይማራሉ፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ በትምህርት ቤት የሚታየውን ጠባይ መምህራን «ረባሽ» ወይም «ፈዛዛ» ብለው ይመዘግቡታል።

በዚህ ነገር እኛም በድለናል፤ ሳንሸሽግ እንናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ለችግረኛ እናቶች በግና ዘር ስናከፋፍል በእጃችን የነበረው ቅጽ አራት ሳጥን ብቻ ነበረው፦ ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት። ድጋፉ በቅድሚያ ለመጨረሻዎቹ ነበር። አንዲት እናት ተራዋ ደርሶ ስንጠይቃት ከአራቱ በየትኛውም እንድንጽፋት አልፈቀደችም። እኛም ሥራ በዝቶብን፣ ሰልፉም ረዝሞ፣ «እንግዲያስ ባልሽ ሞቷል ብለን እንጻፈውና ትረጃለሽ» አልናት። የረዳናት መስሎን ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ያለ በግ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ በመኪና ስንመለስ አንድም ሰው አልተናገረም። በማግሥቱ ቅጹ ላይ በብዕር አምስተኛ ሳጥን ጨመርን፤ ያች እናት ግን ዳግመኛ ወደ እኛ አልመጣችም፤ ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ቡና አፍልታ ተቀበለችን፤ በጉን ግን አልተቀበለችም።

ሌላም አለ። ቤተ ክርስቲያን ዝም ባለችበት ስፍራ ሌላው ይናገራል። «ልጅሽ በሕይወት አለ፤ በምድር ቤት ታስሮ ይታየኛል» እያለ ዶሮና ገንዘብ የሚቀበል ጠንቋይ አለ። ስልክ ደውሎ «አብሬው ታስሬ ነበር፤ ለማስፈቻ ይህን ያህል ላኪ» የሚል አጭበርባሪም አለ። እናት ጥጃዋን ሸጣ ልካለች። እንዲህ ያለውን ሰምተን «ለምን ወደ ጠንቋይ ሄድሽ» ብለን ቀኖና ከመስጠታችን በፊት እኛ ጋ መጥታ ምን መልስ እንዳገኘች ብንጠይቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ተመለሰው ወታደር እንምጣ፤ ያለ እርሱ የጠፋውን ልናገኘው አንችልምና። በአንድ ሰበካ አብረው ከሄዱ አምስት ልጆች ሁለቱ ቢመለሱ የሦስቱን ነገር የሚያውቁት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ነገር ግን አይናገሩም። በጓደኛቸው እናት ደጅ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ፤ በበዓል ቀን ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀድሰው እርሷ ሳታያቸው ይሄዳሉ። ሰው ይህን ሲያይ «ኩራት ይዞታል» ወይም «መጠጥ አጥፍቶታል» ይላል። እኛ ያነጋገርናቸው ግን የሚሉት ሌላ ነው። «ምን ብዬ ልንገራት? እንዴት ሞተ ብትለኝስ? አንተ እንዴት ተረፍክ ብትለኝስ?» መርዶ በሀገራችን አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። ይህ ልጅ ግን ለብቻው ተሸክሞት ዓመታት ይዞራል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ከጦር ሜዳ የሚመለስ ሰው ያለ አንዳች ነገር በቀጥታ ወደ ቤቱ እንደማይገባ ያስተምሩናል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ላይ ነፍስ የገደለና የተገደለ የዳሰሰ ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጻ ታዟል። ቅዱስ ባስልዮስም ለአምፊሎክዮስ በጻፈው መልእክት፣ በ13ኛው ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ገልጾ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ለሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀብ መልካም ሊሆን እንደሚችል ይመክራል። ይህን አንዳንዶች እንደ ቅጣት ብቻ ያነቡታል። እኛ በትንሿ ዕውቀታችን የምናየው ግን ጊዜ መስጠት መሆኑን ነው። ለተመለሰው ልጅ «ጀግና» ብሎ ዕልል ማለት ወይም «ደም አፍስሰሃል» ብሎ ማራቅ ሁለቱም ቶሎ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። የንስሓ አባቱ ግን ለረጅም ጊዜ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ሊቃውንቱ በተሻለ ያብራሩታል፤ እኛ ዲያቆን ነንና ከዚህ አናልፍም።

አንድ ነገር ግን ለካህናት አባቶቻችን በትሕትና እናሳስባለን። ልጁ የጓደኛውን ሞት በንስሓ ውስጥ ቢናገር ምሥጢር ነው፤ ካህኑ ለእናቲቱ ሊያደርሰው አይችልም፤ በፊቱም ሊያስታውቅ አይገባውም። ስለዚህ ከንስሓው ውጭ፣ በራሱ ፈቃድ፣ በሽማግሌዎች ፊት እንዲናገር ቀስ ብሎ ማበርታት ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሰበካ ሲደረግ ለማየት ታድለናል። የንስሓ አባቱና ሁለት ሽማግሌዎች ከልጁ ጋር ሆነው ወደ ጓደኛው እናት ሄዱ። ልጁ በዓይኑ ያየውን ብቻ ተናገረ፤ ያላየውን «አላየሁም» አለ። እናቲቱ ያን ቀን ለአምስት ዓመት የዘገየውን ልቅሶ አለቀሰች። ማታ ደግሞ ሁሉም ሲሄድ ልጁን አስቀርታ «አንተስ እራት በላህ?» አለችው። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እርሷ ቤት እንደሚውል ሰምተናል።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ሰማሁ የሚል ሰው ካየሁ ከሚለው መለየት አለበት፤ በሰማሁ ብቻ ድንኳን ተተክሎ ኋላ ሰውየው ቢመጣ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ፍትሐቱስ ይደረግ ወይስ ይቆይ ለሚለው እንደየሁኔታው ለሀገረ ስብከቱና ለሊቃውንቱ ማቅረብ ይገባል እንጂ እያንዳንዱ ደብር በየራሱ ባይወስን ይሻላል። እስከዚያው ግን በቅዳሴያችን ስለ መንገደኞች የሚጸለይ ጸሎት አለን። ያ አረጋዊ ካህን በኋላ ስንጠይቃቸው የዚያችን እኅት ወረቀት በማግሥቱ በዚያ ጸሎት ጊዜ እንዳሰቡት ነገሩን። «መንገድ ላይ ነው፤ ወዴት እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም» አሉን።

በሕጉ በኩል ሰበካ ጉባኤዎች ማወቅ የሚገባችሁ አለ። በብዙ ቦታ ሚስት ሰባት ዓመት መጠበቅ አለባት የሚሉ አጋጥመውናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 ግን አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ውሳኔ ሞተ ከማለት የተለየ ነው። ለምትጠብቀው እናት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ «ሞቷል» ብላ መፈረም የማትችለው ሴት «ጠፍቷል» ብላ መፈረም ትችል ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በዚህ ውሳኔ ጋብቻ እንደሚፈርስ ይናገራል። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዷ በፊት ምን እንደሚከተል በግልጽ ሊነገራት ይገባል፤ መሬቱን ለማከራየት ብላ ሳታውቀው ጋብቻዋን እንዳታፈርስ። የየክልሉን ሕግ ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማእከላት አሉ። የተክሊልና የቍርባን ጋብቻን በተመለከተ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ይህ የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ቀይ መስቀል አይደለም፤ ይህን በዐውደ ምሕረት ብትናገሩት ብዙ ጥጃ ከመሸጥ ይድናል።

ከእናንተ የምንለምነው አንድ መዝገብ እንድትከፍቱ ነው። በሰበካችሁ ሄዶ ያልተመለሰ ሁሉ ይጻፍበት፤ የክርስትና ስሙ፣ የሄደበት ጊዜ፣ አብረውት የሄዱት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁ የተሰማበት ቀን። በየትኛው ወገን ተሰለፈ የሚል ጥያቄ አይኑርበት፤ መዝገቡም በቄሰ ገበዙ እጅ ይቆለፍ፤ ለማንም አይታይ። ይህን የምንለው ለፌዝ አይደለም፤ በዚህ ዘመን ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰው ሊጎዳ ይችላል። ቤተሰቡ ካልፈቀደም አይጻፍ። አስቀድመን በተነጋገርንበት በዚያ የገጠር ደብር መዝገቡ ሲከፈት ካህናቱ ሦስት ወይም አራት ስም ጠብቀው ነበር፤ በመጀመሪያው እሑድ ከአንድ ገጽ አልፎ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። በአንድ ሰበካ ሲያስቀድሱ የኖሩ እናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ነገር ያወቁት በዚያ ሰልፍ ላይ ቆመው ነው። አሁን በየወሩ በእመቤታችን ቀን ከቅዳሴ በኋላ አብረው ይቀመጣሉ። ስብከት የለም፤ ሥልጠናም የለም፤ ቆሎና ጠላ ይዘው ይመጣሉ።

የመዝገቡን ናሙና በመውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ለየደብራችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። «ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁ የተሰማበት ቀን» የሚለውን ቦታ ከሌሎቹ ሰፋ አድርገን አሳትመነዋል፤ ቤተሰቦች በዚያ ላይ ከቀኑ ሌላ የነገራቸውን ሁሉ መጻፍ እንደሚፈልጉ ስላየን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።